ቸርኬ መርካቶ ሞልቷል፦ በፍጥነት መንገድ ላይ የፈነዳ የአንድ ጎማ ጉዳይ

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ፋሲካ አልፎ ሰርግ በሰርግ ላይ የሚደራረብበት ወር። እኛም አዳማ ተጠርተን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ወጣን። መኪናዋ ቪትዝ ናት። አምስት ሰው ይዛለች። እኔ እነዳለሁ። እናቴ አጠገቤ ናት። ከኋላ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣችው የአክስቴ ልጅ ተጣበው ተቀምጠዋል። የኋላው ዕቃ መጫኛ ደግሞ አይጠየቅም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጠላ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ የሰርግ ልብስ፣ ሻንጣ፣ ስጦታ። መዝጊያውን በጉልበቴ ተጭኜ ነው የዘጋሁት።

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚያደርሰውን የፍጥነት መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 ነው የተከፈተው። ወደ 85 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው። እግረኛም ከብትም ባጃጅም አይገባበትም። እንደ ልብ ይነዳበታል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ የታመመ ጎማ በ30 እና በ40 እየተንቀራፈፈ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል። እዚያ መንገድ ላይ ግን ፈተናው በ100 ነው።

ቢሾፍቱን እንዳለፍን እናቴ «ይቺ መኪና ታነክሳለች» አለች።

«መንገዱ ነው» አልኳት።

አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በዚያ መንገድ ላይ «መንገዱ ነው» ብሎ ነገር የለም። እናቴ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ግን ወንበሯ ከሥሯ ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ሲዋልል ተሰምቷታል። እኔም ይሰማኝ ነበር። መሪው አይንቀጠቀጥም፤ የሚዋልለው የመኪናዋ ጭራ ነው። ጭነት ስለበዛ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንድ ጊዜ ቆሜ ጎማ ለጎማ ብዞር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ሰርጉ አራት ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው፤ እኛ ደግሞ ዘግይተናል።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ሞጆ ሳንደርስ፣ ጎማው ፈነዳ።

እግሬ ያደረገው

በ105 እየሄድን መሃለኛው መስመር ላይ ነበርን። እንደ ጥይት ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር። ለእኔ የተሰማኝ ከባድ በር በነፋስ ተወርውሮ ሲዘጋ ነው። ከዚያ ከኋላ በግራ በኩል ፓ ፓ ፓ ፓ የሚል ማቋረጫ የሌለው ጥፊ ተከተለ። ጭራዋ ወደ ግራ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እናቴ «በስመ አብ» ስትል ሰማሁ።

እግሬ ፍሬን ረገጠ። አልዋሽም። ጎማ ሲፈነዳ ፍሬን እንደማይረገጥ ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ እግሬ ግን አልሰማም። ለግማሽ ሰከንድ ቢሆን ነው። ጭራዋ ክፉኛ ሸሸ። ደንግጬ እግሬን አነሳሁ። አውቄ አይደለም፤ ስረግጠው ነገሩ ስለባሰብኝ ብቻ ነው።

የባሰበት ምክንያት እንዲህ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይደፋል። የኋላ ጎማዎች ይቀልሉና አስፋልቱን የሚጨብጡበት አቅም ይቀንሳል። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞውኑ ነፋስ የለውም፤ ወደ ጎን የሚጎትተውን መቋቋም አይችልም። የፊቶቹ ፍጥነት ሲገታ የኋለኛው ክፍል ሊቀድም ይፈልጋል። መኪና የሚሽከረከረው እንደዚያ ነው። ጭነቱ ኋላ ላይ ሲሆን ደግሞ ጭራዋ ከጀመረ የሚመልሰው የለም።

የፈነዳው የፊት ጎማ ቢሆን ስሜቱ ሌላ ነበር። ያኔ መሪው ራሱ ወደ ፈነዳበት ጎን እጅህን ይጎትታል። የግራ ፊት ከሆነ ወደ አካፋዩ፣ የቀኝ ፊት ከሆነ ወደ ዳር። እዚያ ላይ ትልቁ ስህተት ጎተተኝ ብሎ መሪውን ወደ ተቃራኒው መወርወር ነው። በሁለት እጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ቀጥታውን ማስጠበቅ ነው። የኋላ ሲሆን ግን መሪው ምንም አይነግርህም፤ የሚነግርህ መቀመጫህ ነው። እናቴ ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ትንሽ ነው። መሪውን ይዤ ቆየሁ። እግሬን ወደ ነዳጁ መለስኩ፤ በአንዴ ሳልለቅ ቀስ እያልኩ አነሳሁት። ነዳጅ በድንገት መልቀቅ ራሱ በለሆሳስ ፍሬን እንደመያዝ ነው። ማርሹን አልነካሁም። 105 ወደ 90፣ ወደ 70 ወረደ። ከ60 በታች ስትሆን ጭራዋ ረጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። አራቱንም ፍሬቻ ወዲያው አላበራሁም። ያስመሰገነኝም ይኸው ብቻ ይመስለኛል። መሃል መስመር ላይ ነኝ፤ ወደ ቀኝ መውጣት አለብኝ። አራቱ በአንድ ላይ ብልጭ ድርግም ካሉ ከኋላ የሚመጣው ሰው ወዴት እንደምሄድ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የቀኙን ፍሬቻ ብቻ፣ መስታወት አይቶ፣ ወደ ዳር። ዳር ከያዝኩ በኋላ አራቱን።

የት እንቁም?

ስለ ጎማ መፈንዳት የሚሰጡ ምክሮች አብዛኛዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ። ፍሬን አትርገጥ፣ መሪውን ያዝ፣ ዳር ውጣ፣ ጎማ ቀይር። የእኛ ጉዳይ ግን የከበደው ከዚህ በኋላ ነው።

የቆምኩበት ቦታ መንገዱ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚወጣበት ነበር። በቀኝ የብረት መከላከያ አለ፤ ከእሱ ማዶ ቁልቁለት ነው። መከላከያውን ልነካ እስክደርስ ተጠጋሁ። በግራዬ በኩል በመኪናዋና በሚያልፉት መኪኖች መካከል የቀረው ክፍተት አንድ ሜትር ቢሆን ነው። የፈነዳውም የግራው ነው። ጎማውን ለመፍታት ጀርባዬን ለሚመጣው ሁሉ ሰጥቼ አስፋልት ላይ መንበርከክ አለብኝ ማለት ነው። ከእጥፋቱ የሚወጡት ደግሞ አጠገባችን እስኪደርሱ አያዩንም።

ይህን ሁሉ ያኔ አሰብኩት እንዳትሉኝ። እኔ ያሰብኩት ክሪኩ የት ነው ብዬ ነው። ሁላችንም ወረድን። ልጄ የፈነዳውን ለማየት በመኪናዋ ኋላ ዞረ። ባለቤቴ ሻንጣ ማውረድ ጀመረች። እኔ ቀዩን ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ አውጥቼ 20 እርምጃ ያህል ርቄ አቆምኩት። አንድ ተሳቢ አለፈ። ነፋሱ መኪናዋን አወዛወዛት፤ አንጸባራቂውን ገለበጠው።

ሁለተኛው ተሳቢ አላለፈም። ከእኛ ኋላ ራቅ ብሎ ዳር ያዘ። መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ ቆመ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሹፌር ወረዱ። የጅቡቲ መስመር ሰው ናቸው። ሰላምታ የለም። መጀመሪያ የተናገሩት ለእናቴ ነው።

«ማዘር፣ ልጁን ይዘው ከብረቱ ወዲያ ይሻገሩ። ሁላችሁም። ዕቃውን ተዉት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ ልትፈታ ነው?»

«ጎማውኮ አልቋል ጋሼ፣ አይሄድም» አልኳቸው።

«ይሄዳል።»

«ቸርኬው ይበላሻል።» ጎማው የተገጠመበትን ብረት ማለቴ ነው።

«ቸርኬ መርካቶ ሞልቷል» አሉ።

እኚህ ሰው የተናገሯት ይህች ሦስት ቃል ናት ጉዳዩን ለእኔ የፈታችው። ስንቱን ጊዜ ነው መንገድ ዳር ተንበርክኮ ጎማ የሚፈታ ሰው አይተን «አይዞህ» ብለን ያለፍነው? ለምን እዚያ ቆመ ብለን ጠይቀን አናውቅም። ጎማው እዚያ ስለፈነዳ ነው የቆመው። ሌላ ምክንያት የለውም። ቦታውን የመረጠው ጎማው ነው እንጂ ሰውዬው አይደለም።

በሞተ ጎማ 600 ሜትር

ሹፌሩ ያደረጉት ይህንን ነው። ቤተሰቡ ከብረቱ ማዶ በእግሩ ወደ ፊት እንዲሄድ ነገሩ። እኔን ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ አስገቡ። ዳሩን ይዤ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ፍሬን ሳልነካ እንድሄድ አዘዙኝ። እሳቸው ከኋላዬ ተሳቢውን እንደ ግድግዳ እያንፏቀቁ ተከተሉኝ። ወደ 600 ሜትር ሄድን። መከላከያው አልቆ ከአስፋልቱ ውጭ ጠፍጣፋ ጠጠር መሬት ያለበት ቦታ ላይ ሙሉ በሙሉ ከመንገዱ ወጣሁ። መንገዱ እዚያ ቀጥ ያለ ነው፤ ከሩቅ እንታያለን። የግራው ጎማዬ ከሚያልፉት መኪኖች ሦስት ሜትር በላይ ይርቃል።

በተነፈሰ ጎማ መሄድ ምን ያደርጋል? መኪናውን የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲወጣ የጎማው ግድግዳ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል እየተቀጠቀጠ ይታሻል። ይግላል፣ ይቀደዳል፣ ይበጣጠሳል። በዝግታ ጥቂት መቶ ሜትር ይቋቋማል። በ50 ከሄድክበት ግን ወዲያው ተተልትሎ የፍሬን ቱቦና ፓራፋንጎ መግረፍ ይጀምራል። ላስቲኩ ሲያልቅ ቸርኬው አስፋልት ይነካል። ያኔ ፍሬን ቢያዝም የሚጨብጠው ነገር የለም፤ ብረት በአስፋልት ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ «በተነፈሰ ጎማ ይነዳል ወይስ አይነዳም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በኪሎ ሜትር አይሰጥም። ጎሚስታ ቤት ለመድረስ አይነዳም። ሞጆ ቅርብ ነው ተብሎ አይነዳም። ከሞት ቦታ ለመውጣት ግን ይነዳል፣ በእርምጃ። ከእጥፋት፣ ከድልድይ፣ ከዳገት ጫፍ ማዶ፣ ዳር ከሌለው መንገድ። የፊት ጎማ ሆኖ መሪው እምቢ ካለ ወይም ጭስ ከታየ ግን እዚያው አቁሞ መውረድ ነው።

የእኔ ቸርኬ ጠርዙ ታጠፈ። የተራ ብረት ቸርኬ ስለሆነ በኋላ በመዶሻ ተመለሰ። ኪሳራው ይኸው ነው።

አንጸባራቂውንም እሳቸው ናቸው ያስተካከሉት። «ሃያ እርምጃ ለማን ነው?» አሉኝ። ሒሳቡን ማታ ሠራሁት። በ100 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። የእኔ አንጸባራቂ ለሚመጣው ሹፌር ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነበር የሚሰጠው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ከ100 ሜትር ማነስ የለበትም። ለማቆም የሚኬደውም ከመከላከያው ወይም ከአስፋልቱ ውጭ፣ ፊትን ለሚመጣው መኪና ሰጥቶ ነው።

በሌላው መንገዳችን ላይ አንጸባራቂ የሌለው ሰው ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅርንጫፍ ይጥላል። ለማስጠንቀቅ መልካም ልማድ ነው። ጎማው ተቀይሮ መኪናው ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ በዚያ መንገድ ለሚመጣው ሰው ሌላ የፈነዳ ጎማ ትተንለት መሄዳችን ነው። ይህን ስጽፍ ራሴም ስንት ጊዜ ትቼ እንደሄድኩ ትዝ አለኝ።

ስኮርታው

ስኮርታው፣ መጠባበቂያው ጎማ፣ ከሁሉም ዕቃ ሥር ነው ያለው። ጠላው ወረደ። ድፎው ወረደ፤ እናቴ ነጠላዋን መሬት ላይ አንጥፋ ተቀበለችው። የሰርጉ ልብስ ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለ። የሚያልፉ መኪኖች ገበያ የዘረጋን ሳይመስላቸው አይቀርም።

የቪትዟ ስኮርታ ቀጭኗ ዓይነት ናት። በቢጫ ምልክት ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንዳይነዳባት ተጽፎባታል። የነፋሷም መጠን በግፊት መለኪያ ተጽፏል፦ 60 ፒኤስአይ። ከሌሎቹ ጎማዎች በእጥፍ ይጠጋል። ቀጭን ስለሆነች ክብደቱን የምትሸከመው በግፊት ነው። እኔ መኪናዋን ከገዛሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስኮርታዋን አንድ ቀን ነፋስ አስሞልቼ አላውቅም። በአውራ ጣቴ ስጫናት ገባች።

እዚህ ላይ ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ ሰርጉ ቀርቶብን ነበር። የከባድ መኪና ፍሬን በታመቀ አየር ነው የሚሠራው። እሳቸው ከተሳቢያቸው የአየር በርሜል የሚገጠም ረጅም ቱቦ አላቸው። ይዘው መጡና ሞሏት። መለኪያ ከኪሳቸው አወጡ፤ 60 እስኪል ጠበቁ። መለኪያ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ሹፌር ያየሁት ያን ቀን ነው።

የመቀየሩ ሥራ አጭር ነው። የእጅ ፍሬን፣ ማርሽ «ፒ» ላይ፣ በተቃራኒው በኩል ባለው የፊት ጎማ ሥር ድንጋይ። አራቱ ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ላላ ይደረጋሉ። ተነስታ ከተንጠለጠለች በኋላ በኃይል መታገል ከክሪኩ ሊጥላት ይችላል። ክሪኩ ጠጠር ላይ እንዳይሰምጥ ጋሼ ጣውላ ከሥሩ አስገቡ። የወለቀውን ጎማ በመኪናዋ ሆድ ሥር አስተኙት፤ ክሪኩ ቢከዳ መኪናዋ እሱ ላይ እንድታርፍ። ስኮርታዋ ገባች። ዳዶዎቹ በመስቀል አቅጣጫ እየተዘዋወሩ ጠበቁ፤ ጎን ለጎን ያሉትን ተከታትሎ ማጥበቅ ጎማውን አጣሞ ያስቀምጠዋል። መሬት ከነካች በኋላ እንደገና ጠበቁ።

«ፊቱ ቢሆን ኖሮ» አሉ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ይቺን ቀጭኗን ፊት አልገጥምልህም ነበር። የኋላውን ደህና ጎማ ወደ ፊት አምጥቼ እሷን ኋላ ነበር የማስራት።» ቪትዝ የምትጎትተውም የምትዞረውም በፊት እግሮቿ ነው፤ የፍሬኑም ትልቁ ሥራ እዚያው ነው። እንደ እሷ ያለች ቀጭን ስኮርታ ያን አትችልም።

እናቴ አንዱን ድፎ አንስታ ሰጠቻቸው። «እናቴ፣ ለሰርግ የተጋገረ አይቆረስም» ብለው ተግደረደሩ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ተቀበሉ።

እስከ አዳማ በ70 ሄድን። ሁሉም አለፈን።

ጎሚስታው ያገኘው

ሰኞ ጠዋት ከመመለሳችን በፊት አዳማ አንድ ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው። የፈነዳውን ከቸርኬው አላቆ ውስጡን በእጁ ጠረገና መዳፉን አሳየኝ። ጥቁር ዱቄት፣ እንደ ተወቀጠ ቡና የደቀቀ ላስቲክ። «በ600 ሜትር ይህ ሁሉ አይወጣም። ቀድሞ ነው ሲታሽ የከረመው» አለ። ከዚያ ከጥርሶቹ መካከል ሚስማር ነቀለ። አናቱ ተፍቆ ተፍቆ ያብለጨልጫል፤ የቆየ ሚስማር ነው።

ከዚያ ታሪኩን ወደ ኋላ ገጣጠምነው። ሚስማሩ ለቀናት ነፋስ ቀስ እያለ ሲያስወጣ ቆይቷል። በዚህ ላይ ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ሳሳጥብ አጣቢው ልጅ «ቆላ ስለምትወርዱ ነፋስ ይቀነስ፣ ሙቀት ያፈነዳዋል» ብሎኝ ነበር። እኔም «ቀንስ» አልኩት። አራቱም ላይ አስቀነስኩ።

ይህ «ቆላ ሲወረድ ነፋስ ይቀነስ» የሚባለው ነገር በጣም ተሰራጭቷል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እውነት ነው፣ ነፋስ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ገደማ። ጠዋት በብርድ 32 የነበረ ጎማ በጉዞ ሞቆ 36 ወይም 37 ቢገባ ጤነኛ ነው፤ ጎማው ሲሠራ ታስቦበታል። ጎማ የሚያፈነዳው ይህ አይደለም። ነፋስ ያነሰው ጎማ ግድግዳው በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በ100 ይህ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሽቦ ደጋግመህ ስታጣጥፈው እንደሚግለው ሁሉ ላስቲኩም ይግላል፤ ውስጡ ያለው ክርና ላስቲክ ይላቀቃል። ሙቀቱን ፈርቶ ነፋስ መቀነስ ሙቀቱን መጥራት ነው። ደግሞ አስቂኙ ነገር፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስንወርድ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይቀንሳል፤ ከውጭ ያለው አየር ይከብዳል። በዚህ ብቻ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ዝቅ ይላል። ቆላ ራሱ ይቀንስልሃል ማለት ነው።

አምስት ሰውና 40 ሊትር ጠላ ሲጨመርበት መቀነስ ሳይሆን መጨመር ነበረበት። ትክክለኛው መጠን መኪናው ላይ ተለጥፎ አለ፤ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ። እኔ ፈልጌ አጥቼው ነበር። ለካ ቪትዟ ከጃፓን ስትወጣ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ወደ ግራ የተዛወረው በኋላ ነው። ወረቀቱ ግን አልተዛወረም። እናቴ በምትቀመጥበት በር በኩል፣ በጃፓንኛ፣ 220 የሚል ቁጥር አለ። ኪሎፓስካል ነው፤ 32 ፒኤስአይ ማለት።

በእግር መትቶ ወይም ዓይቶ መፍረድም አይሠራም። እኔም ጠዋት ስንወጣ እንደ ደንቡ አራቱንም በጫማዬ መትቻለሁ። የዘመኑ ጎማ ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ነፋሱ አንድ ሦስተኛ ጎድሎም ቀና ብሎ ይታያል።

የአክስቴ ልጅ በመንገዱ ሁሉ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «መብራቱ አልበራም?» እሷ አሜሪካ የምትነዳው መኪና ነፋሱ ሲጎድል መብራት ያበራል። ያ መብራት የመጣበት ታሪክ ራሱ የጎማ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ጎማ ሠሪው ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲመለስ አደረገ። አብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠመ ነበር። በፍጥነት ሲነዳ ጥርሱ ከአካሉ እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የመዘገበው ሟች ከ270 አለፈ። ፎርድ ያዘዘው የነፋስ መጠን 26 ነበር፤ ጎማ ሠሪው 30 መሆን ነበረበት አለ፤ ተወነጃጀሉ። በሞቃታማዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ፎርድ ጎማዎቹን መቀየር የጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። በዚያው በ2000 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ የነፋስ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው አስገደደ። መብራቱ የሚበራው ነፋሱ ከታዘዘው በ25 ከመቶ ሲያንስ ነው። የእኛ ቪትዝ ያ መብራት የላትም። እናቴ ነበረችን።

ጎሚስታው በመጨረሻ ግድግዳው ላይ «ዲኦቲ» ብሎ የሚጀምረው ኮድ መጨረሻ ላይ ያለውን አራት አኃዝ አሳየኝ፦ 0613። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ስድስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ። ጥርሱ ገና ነው፤ ለዚህም ነበር የማልጠረጥረው። ላስቲክ ግን ሳይሠራም ያረጃል፣ ይደርቃል። የቀሩትን ሦስቱን አየን። ሁለቱ የዚያው ዓመት፣ አንዱ 2014።

አራቱንም ቀየርኩ። ነፋሱን 32 አስሞላሁ፤ መለኪያም ገዛሁ። ሒሳቡ ከበደኝና ቅናሽ ጠየቅሁ። ልጁ ትንሽ አስቦ «ሦስቱን አሮጌ ተውልኝ፣ ጥርስ አላቸው» አለ። ተስማማሁ። ከዋጋው ላይ ቀነሰልኝ።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ነው ጎማዎቹን ምን ሊያደርጋቸው እንደሆነ ያሰብኩት። ያኔ ዞሬ ስወጣ አንዱን በጥቁር ቀለም እየቀባ ነበር።